እጅጌ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከሱቄ ደጃፍ፣
መኪናዬን ስረግጥ ከጥላው ጠርዝ ጫፍ፣
አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ዱላ ተደግፋ መጣች፤
ልጇ የባቡር መሐንዲስ ነው፣ ከድሬ በሚኒባስ ወጣች።
አብራት ኢፍቱ አለች፣ ቻይንኛን ከሐዲዱ ሥር የለቀመች፤
«እጅጌ ስፋላት፣ ነጭ» አለች፣
«ከጣቷ ጫፍ አልፎ ሁለት ክንድ የሚወርድ።»

እኔ አርባ ዓመት ሙሉ እጀ ጠባብ ስሰፋ
እጅ ለሌለው እጅጌ የሚሆን ቁጥር ከሜትሬ ጠፋ።
«በእኛ አገር» አልኩ «እጀ ረጅም ሌባ ነው፣ ካልሆነም ሹም።»
ኢፍቱ አልተረጎመችውም፤
ባልቴቷ ግን ሳቀች፣ ማን እንደነገራት አላውቅም።

ትከሻዋን ስለካ ታሪኳ በቁራጭ በቁራጭ ደረሰኝ።
ሹ ዩንላን ትባላለች። በሰባት ዓመቷ ለኦፔራ ጓድ ተሰጠች፣
ጉልበቷን በቀርከሃ እየተመታች መራመድ ተማረች፤
በዐሥራ ዘጠኝ ጦር መሪ፣ በሃያ የንጉሥ ቁባት ሆነች።
መድረክ ላይ ነው እንግዲህ። ቲኬት ያጡት ጣራ ላይ ሲወጡ፣
እጅጌዋ ሲወነጨፍ ሺህ ሰዎች ትንፋሻቸውን ሲውጡ።

ከዚያ «አሮጌው ሁሉ ይቃጠል» የሚል ዘመን መጣ፤
እጅጌዎቿ በአደባባይ ነደዱ፣ እሷም ወደ አሳማ ጋጣ።
ዐሥር ዓመት መኖ ስትደፋ
ዘፈነች በጉሮሮዋ ውስጥ፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ሜትሬን አጠፍኩ። እኔም ያን ጊዜ፣ በእኛ በኩል፣
የምሰፋው ካኪ ብቻ ነበር፤
አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ፣ ላጭሩም ለረጅሙም እኩል።

ሐር ከየት ይመጣል? ለሙሽራ ያስቀመጥኩትን ሳቲን ቀደድኩ።

ቅዳሜ ተመለሰች። ለበሰች።
ዱላዋን ከግድግዳዬ አስደገፈች፣
የእጇን አንጓ ነቀነቀች፤
ጨርቁ እንደ ደራሽ ውሃ ሄደ፣
ተመልሶም ሦስት ጊዜ ታጥፎ እጇ ላይ ተኛ።
የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤
መኪና ግርግር ያለ ግርግር።
ጫት ሻጯ ሰዓዳ አፏን በመዳፏ ያዘች፣
ባለጋሪው ሽንኩርቱን እንደተሸከመ ቀረ።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣
ድምጿ ሊበጠስ እንደደረሰ ክር ቀጥኗል፣
ግን አልተበጠሰም።
ኢፍቱ ልትተረጉምልኝ ስትል «ተይው» አልኳት።

ሂሳቤን ተቀበልኩ። ሳቲን ውድ ነው፣ አልዋሽም።
ማታ ግን፣ ቆርቆሮውን በር ስቆልፍ
ጎረቤቴ ጣሃ «ዛሬ ምን ሰፋህ?» ቢለኝ
እጄን አየሁት፣ አርባ ዓመት በጠባብ የኖረውን፤
«ሰፋሁ» አልኩት፤
«ዛሬ ሰፋሁ፣ ብቻ።»