ርካሹ ካሜራ

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ይመር ሁለቱን ነጠለ፤
«ለዚህኛው ፊያትህ ቢሸጥም አይበቃ» አለ።
«ሌላውስ?» «ርካሽ ነው፤ ግን ይንቀጠቀጣል፤
ኮምቦልቻ ሲወርድ በሙቀት ይቀልጣል።»

በእጄ መዘንኳቸው፣ ኪሴንም መዘንኩት፤
የሁለት ጎማ ዋጋ ካንዱ ላይ አተረፍኩት።

ርካሹን ገዛሁት። ሙሄ በከመነዳሪ
ጠፈረው ከጀርባዬ፤ «ይኸው ሆንክ ዘዋሪ!»

እሁድ አምስት ሆነን አምስተኛ ወጣሁ፤
ፍሬኑን ሰደብኩት፣ ሙሄን ተቆጣሁ።

ማታ ስከፍተው፣ ምስሉ ጭጋግ ብቻ፤
ጦሳ የወረደባት መሰለች ኮምቦልቻ።
ድምፁ ግን ጥርት ብሏል፦ ከኩርባው ሳልደርስ
ሞተሩ ዝም፤ ይሰማል እኔ ስተነፍስ።

ደጋግሜ ሰማሁ፤ በየዙሩ ያው ነው።
ለሙሄ ደወልኩኝ፦ «ፍሬኑስ ደህና ነው፤

እግሬ ነው።»