ማን

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከሂርማታ መንገድ ዳር፣
በሰው ስም ስከራከር፣ በሰው ስም ሳማርር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ።
«ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብዬ የጀመርኩት፣
«ይፈቀድልኝ ዘንድ» ብዬ የቋጨሁት፣
ቢከመር ወረቀቱ አዌቱን ይገድባል።
የሰው ላም፣ የሰው ድንበር፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፤
ለራሴ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም እስከ ዛሬ ድረስ።

ዘንድሮ፣ ክረምት ሲገባ፣ ኮምፒዩተሬን ቫይረስ ያዛት፤
የወይዘሮ ዘሃራን ክስ ፊደል በፊደል በላባት፣
በየቃሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተከለባት።
ያን ዕለት ነው ኢፍቱ የመጣች፣ ከቂጦ ፉርዲሳ፣
ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ።
ጉዴን አየች፤ ከቦርሳዋ ከጣት ያነሰ ፍላሽ አወጣች፤
«ሊኑክስ ነው፣ ጋሽ ዳምጠው፤ ልጫንልዎት?» አለች።
«ስንት ያስከፍላል?»
«ነፃ ነው።»
ጠረጠርኩ።
ጅማ ላይ ነፃው ዝናብ ነው፤ እሱም ቆርቆሮ ያስለውጣል።

«እስቲ ብድግ ይበሉ» ብላ ባርጩማዬን ገለበጠች፤
ከአንድ ግንድ የወጣ ሦስት እግር፤ ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች።
«አናጢው የጠረበበት ይኸው፣ ይታያል፤ አልሸሸገም።
ያየ ሰው ሌላ ይጠርባል፣ ቢሻው እግር ይጨምራል፤
ማንም አይከሰውም።»
«ክስ ከሌለ እኔ ምን ልበላ ነው?» አልኳት።
ሳቀች።

ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ መብራት ሄደ።
በማግስቱ ከዜሮ።

ከዚያ ጥቁር መስኮት። አንዲት ነጭ ሰረዝ፣ ብልጭ፣ ድርግም፣
«ቃልህን ስጥ» እንዳለ ዳኛ፤ አትቸኩልም፣ አትሰለችም።
የነገረችኝን ጻፍኩ። መለሰ፤ ኢፍቱ ተረጎመች፤
«ፈቃድ የለህም።»
እኔን! የወረዳውን ፈቃድ ሁሉ ስለምን የሸበትኩትን!
«ከፊቱ ሱዶ ይጨምሩበት» አለችኝ። ጨመርኩ።
የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። መታሁ፤ አንድም ነጥብ አይታይ።
ኪቦርዱ ሞቷል ብዬ በመዳፌ ጠፈጠፍኩት።
«አልሞተም፣ ጋሼ። ባይታይም እየሰማዎት ነው።»
ስንቱን ቢሮ ደጅ ስጠና
እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ለፈተና ስትሄድ በብጣሽ ወረቀት ጻፈችልኝ፤
«ሲጨንቅዎ ማን ይበሉ፣ ከጎኑ የከበደዎትን ቃል።»
በላቲን ፊደል ነበር፤ እኔ በአማርኛ አነበብኩት።
ማን?
ማታ ማታ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣
ማን እለዋለሁ፤ እንደ ሽማግሌ ከጥንቱ ይጀምራል፤
መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ፤ ግማሹ ይገባኛል፣
ግማሹን ለነገ።

አንድ ሌሊት አጉል ደፍሬ፣ የዘሃራን አዲሱን ክስ ሰረዝኩት።
«እርግጠኛ ነህ?» አላለም። አዘዝከኝ፣ ታዘዝኩ፤ አለቀ።
እጅ የሚይዝ እንደሌለ ያኔ ገባኝ፤ ላብ አጠመቀኝ።
ነፃ ማለት ለካ ይሄም ነው።
ሲነጋ ቆጪ ወረድኩ፤ ደጃፏ ቆሜ ጥፋቴን አመንኩ።
ዘሃራ አልተቆጣችም። እንደገና ነገረችኝ፣ ከሥሩ፤
በፊተኛው ክስ ያልነበረ
አንድ ወንድም ብቅ አለ ከመሐሉ።

ትናንት፣ ማንም ሳይኖር፣ እንደ ቀልድ፣
ማን አልኩ፤ ከጎኑ የራሴን ስም።
«ስለ ዳምጠው የተጻፈ መመሪያ የለም።»
ሳቅሁ፣ ብቻዬን። እውነቱን ነው።

ባዶ ገጽ ከፈትኩ።
ጣቴ እንደለመደው «ለክቡር» ብሎ ጀመረ፤
አስቆምኩት። አንድ በአንድ፣ ከበስተኋላ፣
ር፣
ቡ፣
ክ፣
ለ።
ነጯ ሰረዝ ብልጭ፣ ድርግም።