ውሃ ሲነጥር

መብራት ከሄደብን ሦስተኛ ቀናችን፣
የመሐል ሜዳ ብርድ ገብቶ ከጥርሳችን፣
የላቦራቶሪው ቁልፍ የጠፋ ካምና፣
በመስኮት የሚታየው ብልቃጥ አቧራ ደርቦ እንደ ባና፣
"ነገ ኤሌክትሮሊሲስ ነው" አለች መምህርት ፋናዬ።
"ያለ ኮረንቲ?" አልኳት። "ባትሪ መች ጠፋ፣ ልጅዬ!"

የሞላልኝ አይሱዙ ገብስ ሊጭን መጥቶ
ከትምህርት ቤቱ በር አድሯል ጭቃ በልቶ።
ለምና፣ ተቆጥታ፣ ባትሪውን አስፈታች፤
ሁለት እርሳስ ወስዳ ግራ ቀኝ አሾለች።
(እርሳስ እንለዋለን፣ እርሳስ የለበትም፤
የከሰል ዘመድ ነው፣ ስሙ አያውቅበትም።)

መሪጌታ ወልደሰንበት ወሬው ደርሷቸው ኖሮ
ከኋላው ወንበር ተቀመጡ፣ ፊታቸው ተቋጥሮ።
"አራት ናቸው" አሉ፣ ጣታቸውን እያጠፉ፤
"መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ከእነሱ ነው የሰው ጥልፉ።
አንቺ ውሃን ከተረተርሽው፣ በይ ንገሪኝ በይፋ፣
እኔን ነገ ማነው ቁጭ ብሎ የሚሰፋ?"

አልተሟገተችም። ብርጭቆውን ሞላች፤
ጨው በጣቷ ቆንጥራ በላዩ በተነች።
ሽቦው ሲነካካ አረፋው ተነሣ፣
ባንዱ በኩል ግልብጥ፣ በሌላው እንደ ተበዳሪ እያሳሳ።
ጭራሮ ለኩሳ፣ አጥፍታ፣ ፍሙን ስታስጠጋ
ይነዳል ስንል ጭል አለና ሞተ። አፍንጫ የሚወጋ
የበረኪና ሽታ ክፍሉን አጥለቀለቀ።
ሁሉም ሳቀ።
"አዬ ልጄ፣ ነጠላዬን ልታነጪልኝ ነው?" አሉ መሪጌታ፤
እሷም ሳቀች፣ ጆሮዋ እስኪቀላ፣ አንገቷን ሰብራ ለአፍታ።
"የኔ ጥፋት ነው" አለች፤ "ጨውም ባለጉዳይ ነው፤
ክሎሪኑ ተሻምቶ ኦክስጅኑን በር ላይ ቀደመው።"

ደፋችው። ሌላ ቀዳች። ከባትሪው ሆድ ዕቃ
አሲድ በጠብታ፣ እጇን እንዳይነካ ተጠንቅቃ።
ከጤና ጣቢያ የለመነችውን የመርፌ ብልቃጥ
በየእርሳሱ ጫፍ ደፋን፤ እኔ አንዱን ይዤ፣ በጭንቅ፣ በምጥ።
አንዱ ሁለት ጣት ሲሞላ ሌላው አንድ ጣት ብቻ፤
ሁለት ለአንድ፣ እንደ ሲሶ አራሽ ሒሳብ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ስልቻ።
ሲሶው ላይ ፍሙ ቦግ አለ፣ ነበልባል ሆነ ጭራሮው።
ሁለት እጁ ላይ ግን "ጧ!" ደነበረ ደጅ ያለው በቅሎው።

መሪጌታ አማተቡ። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥተው
በውስጡ እንደ ላብ ቸፍ ያለውን ጤዛ ትኩር ብለው አይተው
"ውሃ..." አሉ በሹክሹክታ።

"ንጥረ ነገር ማለት" አለች መምህርት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"እንደ ቅቤ ነጥሮ፣ ዝቃጩ ወርዶ፣ ከዚያ ወዲያ እሳት ቢጠጋ፣
በኮረንቲም ቢገረፍ፣ ሌላ የማይወጣው ቀሪው ነው።
ውሃ ገና አልነጠረም፤ ሁለት ነገር ተቃቅፎ ነው።"

"አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ አንዳጅ" አሉ ሽማግሌው በተራ፤
"በእሳት ጠላት ቤት ውስጥ? ተቃቅፈው? በአንድ ጣራ?
አራቱ ጎረቤት እንደሆኑ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤
በአንድ ባና መተኛታቸውን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።"
ቆይተው ደግሞ፦ "ለመገናኘት አንድ ብልጭታ በቃቸው፤
ለመለየት ግን ያን ሁሉ ባትሪ ምን አስፈጃቸው?"
መምህርት ፋናዬ ወደ ሰሌዳው ዞረች።
ጠመኔ አነሣች። አልጻፈችም። አስቀመጠች።

መልሱ የመጣው ንጋት ላይ ነው፤ ውርጩ ከሣር ላይ ተጋግሮ፣
አይሱዙው "ክር... ክር..." ብሎ ዝም አለ፣ ጉልበቱ ተመዝብሮ።
ሞላልኝ ውሃን ሰደበ፣ እኛንም አብሮ።
ገፋን። አርባ ኩንታል ገብስ፣ ዳገቱ፣ ጭቃው፣ ትንፋሻችን፤
ውሃን ለይተን ለአፍታ ያየንበት ዕዳችን።
መሪጌታም ከመሐላችን ነበሩ፣ ኩታቸውን ታጥቀው፣
"ግፉ! ይህ ነው የመለየት ዋጋው!" ይሉናል አለክልከው፣ ስቀው።

ኩታቸው ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ነበረች፣
አሲዱ የነካት።
እስኪሞቱ ድረስ፣ "ትሰፋ?" በተባሉ ቁጥር፣
"ተዉአት" ነበር የሚሉት። "ተዉአት።"