የጀርባ ልክ

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ከሰኞ ገበያ ዳር፣
በአንዲት የእግር መኪና ስሰፋ ስተረትር፣
የሰው ፊት ይጠፋኛል፤ ጀርባውን ግን አልረሳም፤
የትኛው ትከሻ እንዳዘመመ ሳልለካም አላጣም።
ጎባጣ ሲመጣ፣ አፌን ዘግቼ፣
ከኋላ ሁለት ጣት ጨምሬ፣ ከፊት ሁለት ጣት ቆርጬ፣
ኮቱን አቃናለታለሁ። ሰውየው እንደጎበጠ ነው፤
መስተዋት ፊት ቆሞ ግን "አጃኢብ!" ብሎ ነው የሚሄደው።
ሙያዬ ይኸው ነው፦
ማቃናት አይደለም፤ መሸፈን ነው።

የራሴንስ ማን ይለካ?
ሜትሩ ካንገቴ ተንጠልጥሎ ሲውል፣
አንገቴም እንደ ሜትሩ ወደፊት ተንጠልጥሏል ለካ!
ሩቅያ፣ ሚስቴ፣ መንገድ ላይ ከኋላዬ እየመጣች፣
"ምነው እንድሪስ፣ መርፌ ወደቀብህ?" ትላለች።
እስቃለሁ። እሷም ትስቃለች።

አምና ነሐሴ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው፣
ከመግሪብ ስመለስ፣ ያን የጭቃ ቁልቁለት እግሬ ሳይረግጠው
ራሴ ቀደመኝ።
ዓመታት ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሲሄድ የኖረ ራስ
ያን ለት ጥሎኝ ሄደ፤
እኔም ተከተልኩት፣ እስከ ቦዩ ድረስ።

ሆስፒታል የተመደበችልኝ ጦይባ የምትባል፣
ከልጄ የምታንስ፤ ድምፅዋ ግን እንደ አለቃ ያዝዛል።
አውራ ጣቷን ከማጅራቴ ሥር፣ ከአጥንቱ ላይ አሳርፋ፣
"ፒላቴስ ያስፈልግዎታል" አለች፣ ነገሩን ሳታስፋፋ።
የክኒን ስም መስሎኝ፣ "ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ስላት፣
በሳቅ ፈረሰች፤ መዝገቡ ከእጇ ወደቀባት።
"አብሽሩ ጋሼ፣ የሚዋጥ አይደለም፤
በትንፋሽ ነው፣ መሬት ላይ፤ መርፌም የለውም።"

ማክሰኞና ሐሙስ፣ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ፣
ሰባት ሴቶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ እና እኔ፤
ከጎማ ምንጣፍ ላይ በጀርባችን።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
"ትከሻ ከጆሮ ይራቅ። ጎድናችሁን እንደ ቁልፍ ቆልፉ።
እምብርታችሁን ከአከርካሪያችሁ አስጠግታችሁ ስፉ።"
(ስፉ! ይኸ ቋንቋ ገባኝ።)
"አሁን ቀስ፤ ጀርባችሁን አንሱና ወደ መሬት መልሱ፣
እንደ ሙስበሃ ፍሬ፣ አንድ ባንድ፣ ሳትቸኩሉ አፍስሱ።"
አንድ ባንድ ብሎ ነገር! የኔ ጀርባ ፍሬ የለው፤
እንደ ጣውላ ባንዴ ነው የሚወድቀው።
ባንድ እግር ቁሙ ስትል ደግሞ
መምህሩ እኔን ያዙ፣ እኔ መጋረጃውን፤
ሦስታችንም ወረድን።

አባቴ ሩኩዕ ሲያስተምረኝ፣
"ጀርባህ ላይ ውሃ ቢያስቀምጡ አይፍሰስ" ይል ነበር።
ያን ውሃ ስንት ዓመት ደፋሁት!
በአራተኛው ወር፣ አንድ ሱብሂ ላይ ጎንበስ ስል፣
ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣
ብርጭቆው የቆመ መሰለኝ።
ከዚያ ሳልኩ፤ ፈሰሰ።

ለአረፋ ኮቴን አውጥቼ ብለብስ፣ ኮቱ ጠላኝ፤
ከኋላ ተነፋ፣ ከፊት አጥሮ ሆዴ ላይ ተሰቀለብኝ።
"ጨርቁ ተኮማትሮ ነው" ብዬ ነጋዴውን ረገምኩ፤
ቆይቶ ነው የገባኝ። ቁጭ ብዬ ተረተርኩ።
ከኋላ አንድ ጣት ተኩል ወጣ። ሁለት አልሞላም፤ አልዋሽም።
ከፊት ግን የምለቀው ትርፍ የለም፤
ቀና እላለሁ ብዬ መች አስቤ፣
ጫፉን ከሥሩ ቆርጬ ጥዬዋለሁ ያኔ።
ይኸው ከፊት እንዳጠረ እለብሰዋለሁ።

ትናንት አንድ የኮሌጅ ልጅ መጣ፣ ለምርቃቱ ኮት፤
አገጩ ስልኩ ውስጥ፣ ጀርባው እንደ ቀስት።
"እንዳይታይ አርገህ ስፋው" አለኝ። ያውቀዋል ማለት ነው።
እሺ አልኩት። ከኋላ ሁለት ጣት ጨመርኩ፣ እንደ ልማዴ።
ከፊት ግን መቀሱን አላሳለፍኩም፤
ሁለቱን ጣት አጥፌ፣ ከገበሩ ሥር፣ በላላ ስፌት ደበቅሁለት።
አልነገርኩትም።
የማክሰኞን ሰዓት ብቻ
በደረሰኙ ጀርባ ጻፍኩለት።