ሁለተኛው አፍ

ሸማል ሲነፍስ ባደረ በማግስቱ ጠዋት፣
አል ኾር፣ ከክለቡ ጓሮ፣ ከቆርቆሮዋ ቤት፣
ባለቤቱ ቡ ፈላሕ ገባ፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ ጣለው፤
"ከሸፈብኝ" አለ፤ ሌላ ቃል የለው።

በፍጻሜው ዕለት፣ ሁለት ሸክላ ሲበር፣
የታችኛው አፍ ጮኸ፤ የላይኛው ከ"ቀጭ" በቀር
ምንም አልተናገረ። ሸክላዋ በሰላም ወርዳ
አሸዋ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ተጠራች እንግዳ።

"ዘይት ንፋበትና መልስ" ይላል ኩንጁሞን፣
"ነገ ሌላ ይገዛል፤ ምን አደከመህ አሁን?"
አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፤
"ዝም ያለን አትምታው" ይላል፣ "አድምጠው፣ ያ ነው ሙያ።"

ስለዚህ ፈታሁት፣ ብሎን በብሎን፣ ጨርቅ ላይ፤
አቧራና ዘይት ተቦክቶ፣ ጥቁር ሊጥ መሳይ።
ጠረግሁት። ጥፋቱ ግን የአቧራው አልነበረም፤
ሞላው አልላላም፣ ጥርሱም አልተሸረፈም።

ውስጡ አንዲት ክብደት አለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፤
የመጀመሪያው ሲተኮስ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲል
ተገፍታ፣ ምላጩን ወደ ሁለተኛው ታሻግራለች።
ካልረገጧት አትነቃም፤ እዚያው ቆማ ትቀራለች።
ቡ ፈላሕ ደግሞ ትከሻው ታሞ፣ ቀላል ጥይት ለምዷል፤
ምቱ አነሰባት። ሁለተኛው አፍ ፈቃድ ሲጠብቅ ጊዜው ሄዷል።

ሦስት ቀን ሞረድሁ፣ አዲስ ክንድ ቀረጽሁ ከብረት፣
ጣት ሲለቀው ብቻ የሚሻገር፣ ያለ ምት።
ምላጭ ይሉታል በኛ ቋንቋ፣ እንደ ጺሙ ምላጭ፤
ለሳተ ጣት ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አይሰጡም አማራጭ።

ሌሊት፣ መብራት አጥፍቼ፣ መቶ ጊዜ ሳብሁት በባዶ፤
ቀጭ፣ ቀጭ። ቀጭ፣ ቀጭ። ጆሮዬ ዳኛ ሆኖ ፈርዶ።
ሰማንያውን ሳልፍ ትዝ አለኝ የሦስት ወር ደመወዜ፤
ጠይቄው ነበር፣ በረመዳን፣ በለሆሳስ፣ አንድ ጊዜ።
ሁለተኛ አልተናገርሁም። እስክረገጥ ነው መሰለኝ።
ኩንጁሞን ለካ አልተኛም፤ "ስንት ደረሰ?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ ሁለት ብርቱካንማ ሸክላ
በረሩ። ሁለቱም አልወረዱም፤ ብናኝ ቀረ ከኋላ።
"ማሻ አላህ" አለ ቡ ፈላሕ፤ ትከሻዬን መታው፣ "ያ ሀበሺ!"
ምቱ ቀላል ነበር።
"ይመር ነው ስሜ" አልሁ። "ያለብህም፣ ጌታዬ፣ ስድስት ሺ።"

ገና አልመለሰም። ጠመንጃው ክንዱ ላይ ከወገቡ ተከፍቷል፤
ከሁለቱም አፉ ስስ ጭስ ይወጣል።