ክብደት

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ የማትገጥም ክፍል፣
ግራ ለገባው ተማሪ ሠንጠረዥ ነው የማድል፤
ቁልቁል የትምህርት ክፍሎች፣ አግድም የመስፈርት ረድፍ፣
ለያንዳንዱ ክብደት ሰጥቶ፣ አባዝቶ፣ ደምሮ መጻፍ።
ዝንባሌ ሠላሳ ከመቶ፣ የሥራ ዕድል ሠላሳ፣
ውጤት ሃያ፣ ደመወዝ አሥራ አምስት፤ ቤተሰብ እንዳይረሳ
አምስት።

ስድስት ዓመት ስሠራበት «ለምን አምስት?» ያለኝ የለም፤
ቢለኝ ኖሮም፣ እውነቴን ነው፣ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሃሴት መጣች ማክሰኞ ለት፣ ዝናብ ያበሰበሰው ፎልደር ይዛ፤
ቅጹ ማታ ይዘጋል፤ እሷ አሁንም በሁለት ልብ ፈዛ።
የአባቷ ሱቅ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ሰዓት መጠገኛ ነበር፤
ከፈረሰ ወዲህ ጉጠትና መፍቻው በብስኩት ጣሳ ነው የሚያድር።
«ሲቪል ግቢ» ይሏታል፤ «የሚገነባ ሰው አይፈርስበት።»
ለእሷ ግን ሥነ ምድር ነው ፊቷ የሚበራበት።

ሞላች። አባዛሁ፣ ደመርኩ።
ሲቪል፦ ሰባ አራት ነጥብ ስድስት።
ሥነ ምድር፦ ሰባ አራት ነጥብ ሁለት።
«እና ነጥብ አራቷ» አለች፣ «አባቴ ነው ወይስ ደመወዝ?»
ዝም አልኩ፤ ጣቴ ብቻ ዓምዱ ላይ ወደላይ ወደታች ሲጓዝ።

ያኔ ነፋሱ ገባ፤ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ሊያመልጥ ሲል
ድንጋይ ከቦርሳዋ አውጥታ ጫነችበት፣ ጥቁር፣ ግማሽ ጡብ የሚያህል።
«የሱቃችን ወለል ሲነሣ ነው ያገኘሁት፣ ከሥሩ።
አባቴ አርባ ዓመት በላዩ ተቀምጦ የሰው ሰዓት ሲያርም፣
ይሄ ስንት ዘመን እንደቆየ ግን ጠይቆት አያውቅም።»

ድንጋዩ ያረፈው «ቤተሰብ» ከሚለው ዓምድ ላይ ነበር፤
አምስቷን ውጧታል። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ ልናገር?

ቅጹን ጀርባዋን ሰጥታኝ ጻፈች፣ ድንጋዩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤
የቱን እንዳስቀደመች አላየሁም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ማታ፣ ለታክሲ ሰልፍ ሳልወጣ፣ ኮምፒውተሩን ከመዝጋቴ በፊት
አምስቷን ሰረዝኳት፤ የሚተካት ቁጥር ግን ጣቴ አጣላት።
ባዶ ሳጥን። ድምሩ አሁን ዘጠና አምስት ይላል፣ በቀይ።
ነገ ሁለት ሰዓት ሌላ ልጅ ቀጥሬያለሁ፤ እስኪ ከሱ ጋር እንተያይ።