ስልሳ ሦስት ቀን ያልጠፋ እሳት

ጥቅምት ገብቶ እንኳን ጀህራ አልበረደ፣
ሱዑድ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ወረደ።
«ሐናን» አለኝ፣ ደላላው ፓስፖርት ላይ ባወጣልኝ ስም፣
«ይቺን እሳት ጠብቂልኝ፣ ኬሚስትሪ አይጥመኝም።
በቀን አንዴ ንኪ፣ ልክም ሁን ስህተት ግድ የለም፤
የቀኑ ቁጥር ከተቋረጠ አባቴ አይምረኝም።»

ትምህርት ቤቱ ነው የጫነው፣ በተማሪው ስልክ ሁሉ፣
«የልጅዎ ፍላጎት ይጨምራል» ብለው ለወላጅ እየማሉ።
ሲያገኙት ያጨበጭባል፣ ሲስቱት አይቆጣም፣
እንደ መምህር ደምመላሽ ጠመኔ ወርውሮ ግንባር አይመታም።

የመጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ ነካሁ፣ በሳሙና በራሰ ጣት።
ስህተት።
በማግስቱም ስህተት።
በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን አነበብኩት።

እንግሊዝኛ ነው፤ ያ የዘጠነኛው፣
ሐርቡ ላይ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት የተካፈልነው።
ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅን፣ ቀስት፣ ከቀስቱ ማዶ ውሃ፤
በግራ የገባው በቀኝ ካልወጣ ቀመር አይባልም።
ሁለት ጻፍኩ እዚህ፣ ሁለት ጻፍኩ እዚያ።
አጨበጨበልኝ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም።
ድምፁን ቀነስኩት፣ ማዳም እንዳትነቃ፤
ግን አልዘጋሁትም።

አንዱ ጥያቄ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሠላሳ።
ሩዝ አሳረርኩ አንድ ቀን፣ በሐሳቤ ሳወጣ ሳወርድ፤
ከደመወዜ ተቆረጠ፣ ያለ ክስ ያለ ፍርድ።

በስልሳ ሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፣
«የሱዑድ ፍላጎት ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።»
አባትየው ድግስ አዘዘ። ሠራሁት እኔው።
ጠረጴዛ ሳነሳ ልጁ የሚያየው ወለሉን ነው።

ማታ መጣ። ስልኩን አልሰጠኝም፣ ይዞት ቆመ።
«የነገው ፈተና በወረቀት ነው» አለ።
ቀጥሎ የሚለውን አጣ።

በርጩማ ሳብኩለት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን፤
አራት የሻይ ብርጭቆ ሃይድሮጂን፣
ሁለት ሳህን ኦክስጅን፣
ስናፈርስ ስንደረድር፣ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን።
ሊነጋጋ ሲል ገባው፤
መግባቱን ያወቅኩት «እሺ» ማለቱን ሲተው ነው።

ከዚያ ስልኩን ከፈተና
«አዲስ ተማሪ» የሚለውን ተጫነ።
ስም?
«ሐናን ልበል?» አለኝ፣ ጣቱን አንስቶ።
«አንጓች» አልኩ።
ሦስቴ ጻፈ፣ ሦስቴ አጠፋ፣ አጻጻፉ ጠፍቶት።
ክፍል?
ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በፓስፖርቱ ሠላሳ።
እጄን በሽርጤ ጠረግኩና
«ዘጠነኛ» አልኩት፣
ኦክስጅኑን ገና ከጠረጴዛው ሳላነሳ።